ባዶ ተወው ያልሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስከ ዘንድሮ ከአንደበቴ አውጥቼው አላውቅም። የነፍስ አባቴ በየጾሙ መግቢያ ቤቴ መጥተው ጠበል ረጭተው ሲያበቁ፣ "ልጄ፣ የከበደህ ነገር አለ?" ብለው ይጠይቁኛል። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በንዴት ክፉ መናገሬን አንድ በአንድ እዘረዝርላቸዋለሁ። ትንንሾቹን ከፊት አሰልፌ ትልቁን ከኋላ እደብቀው ነበር። ሚስቴም አታውቀውም። እንግዲህ እናንተ የምታነቡ፣ መስቀል አልያዛችሁም፣ ንስሐም አትሰጡኝም። ጆሮ ግን አላችሁና ስሙኝ።

በሐሰት መስክሬ የአንዲትን ሴት መሬት አስወስጃለሁ። በሐሰት መስክሬ አንድ እውነተኛ ሰው ከሥራው አስባርሬአለሁ። ሁለቱንም ያደረግሁት በአንድ ቀን፣ ከአንድ ወንበር ላይ ሳልነሣ ነው።

ሙያዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን ሦስት ሆነን እንሠራ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የዘጌን የመሬት ይዞታ ከወረቀት ደብተር ወደ ኮምፒውተር እንድናስገባለት ሥራ ሰጠን። መዝጋቢው ታብሌት ይዞ በየደጁ ይዞራል፤ ይጠይቃል፣ ይሞላል። የሞላው ሁሉ ጄሰን በሚባል የአጻጻፍ ዘዴ ተጠቅልሎ ወደኛ ይመጣል። ጄሰን ሲያዩት ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ አንድ ቅንፍ ነው፤ በሱ ውስጥ አባወራው፣ በአባወራው ውስጥ ሚስቱና የያዘው መሬት፣ በመሬቱ ውስጥ ደግሞ አዋሳኞቹ፣ በአራቱም በኩል ከሱ ጋር ወሰን የሚጋሩት ሰዎች። የኔ ድርሻ ይህን ጽሑፍ ፕሮግራሙ ሊሠራበት ወደሚችል ነገር፣ እኛ ኦብጀክት ወደምንለው መለወጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ቅንፍ በልኩ ሣጥን እሠራለሁ፤ ሣጥኑን በሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ።

የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት ገብቶ ያየ ሰው ይህ አይቸግረውም። ክብ ናቸው፤ መጀመሪያ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ ከመካከል መቅደሱ። ውጩ ሳይታለፍ ውስጡ አይደረስም። እኔም ሣጥኖቼን እንደዚያ ሠራኋቸውና ኮራሁባቸው። ሚስትን በባሏ ውስጥ አስቀመጥኋት። መሬቱንም በባሏ ውስጥ። ባል የሞተባትን ሴት አስቤ ነበር፤ "ሟች" ተብሎ ከተሞላ መንገዱ ወደ እሷ ይዞራል። ባሏን የፈታችውንም አስቤ ነበር። ለባል ሦስት ቃል መደብሁለት፦ በትዳር፣ ፈት፣ ሟች። ከነዚህ ሌላ ምን ዓይነት ባል ይኖራል? ሌላ አገር የተወለደ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን የጣና ዳር ልጅ ነኝ፣ የቄስ ልጅ ነኝ። ማወቅ ነበረብኝ።

መዝጋቢው ይበልጣል የሚባል የቁንዝላ ልጅ ነበር። በእድሜ እኩያዬ ነው። ታብሌቱን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ በቡናው ደን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ጥያቄ ያበዛል። አንዱን ቤት ሞልቶ ልቡ ካላመነ ተመልሶ ይሄዳል እንጂ ገምቶ አይሞላም። እኛ ቢሮ ተቀምጠን "ይኼ ሰውዬ ዳዊት የሚደግም ይመስለዋል" እያልን እንስቅበት ነበር። ደኑ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ የቸገረውን ሁሉ አጠራቅሞ ጀልባ መቆሚያው ላይ ሲደርስ ይደውልልኛል።

አንድ ቀን ደወለ።

"ስማማ፣ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ ሴት አሉ። ባለቤታቸው መንኩሰዋል። ምን ብዬ ልሙላ?"

"ሟች በላ" አልሁት።

"ኧረ በሕይወት አሉ! ትናንትና በታንኳ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ።"

"እንግዲያው ፈት በል።"

"እንዴት ብዬ? ተስማምተው፣ ተመራርቀው ነው የተለያዩት። ፈት ብዬ ብጽፍባቸው ነውር አይሆንም?"

እውነቱን ነበር። ሰው ሲመነኩስ በቁሙ ፍትሐት ይደገምለታል፤ ለዚህ ዓለም ሞቷል ማለት ነው። ግን ይተነፍሳል፣ በታንኳ ያልፋል፣ ሚስቱ የነበረችው ሴት ከመንገድ ስታገኘው ጎንበስ ብላ መስቀሉን ትሳለማለች። ከሦስቱ ቃሎቼ አንዱም አይሆነውም። አራተኛ ቃል መጨመር ነበረብኝ። ስንት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር? ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። እኔ ግን ሥራ በዝቶብኛል፣ ርክክቡ ደርሷል፣ የዚህ ሰው ጥያቄም አሰልችቶኛል።

"ባዶ ተወው" አልሁት። "እኔ አስተካክለዋለሁ።"

ባዶ ተወው ያልሁት እኔ ነኝ። ይህን ቃል ደግሜ ደጋግሜ የምጽፈው፣ በኋላ ስጠየቅ አላልሁም ስላልሁ ነው።

እሱም የታዘዘውን አደረገ። ግን ይበልጣል ይበልጣል ነውና፣ ከታች ማስታወሻ የሚባለው ቦታ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "የወይዘሮ የሺ ባለቤት መንኩሰዋል። ሞተዋልም ፈትተዋልም ማለት ስላልቻልሁ፣ በስልክ ጠይቄ ባዶ ተው ስለተባልሁ ባዶ ትቻለሁ። መሬቱ የወይዘሮዋ ነው፤ ደብተራቸውን አይቻለሁ።" የኔ ፕሮግራም ማስታወሻ አያነብም። ማስታወሻ የሚገባበት ሣጥን አልሠራሁለትም።

ከርክክቡ በፊት ባለው ቀን መረጃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለውጠው ፕሮግራሙ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። የአባወራውን ሁኔታ ሲጠይቅ ባዶ አገኘና ደነገጠ። እኔም ሁለት መስመር ጻፍሁ፤ የአባወራው ሁኔታ ባዶ ከሆነ ቤተሰቡን ዝለልና ወደሚቀጥለው እለፍ የሚሉ። ፕሮግራሙ ሰተት ብሎ አለፈ። የገባውንና የወጣውን ስቆጥር ሰባት ጎደለ። ስድስቱን አውቃቸዋለሁ፤ እኛው ራሳችን ለመሞከር "ሙከራ ሙከራ" እያልን የሞላናቸው ናቸው። ሰባተኛውም እንደነሱ ይሆናል አልሁና ኮምፒውተሬን ዘጋሁ። ያቺን አንዲት ጎዶሎ ከፍቼ አላየኋትም። እስከዚህ ድረስ ያለው ስንፍና ነው። ስንፍናም ኃጢአት ነው፣ ግን ለሱ ብቻ ቢሆን ኑዛዜ አልጽፍም ነበር።

ከወራት በኋላ ለአንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ወይዘሮ የሺ ከአራት ሰዎች ጋር ከጀልባ ወርደው መጡ። እኒያን ሴት በዓይኔ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ያደገደጉ። በእጃቸው አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር ይዘዋል፤ በውስጡ የሳቸውና የባላቸው ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። የባላቸው ወንድም ደሴ፣ የወንድሜ መሬት በአዲሱ መዝገብ ባለቤት የለውም ብሎ በስሙ ሊያዞረው ደርሷል። ከዚያ ቡና በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አራቱ ሰዎች አዋሳኞቻቸው ናቸው።

ከአራቱ ሽማግሌው፣ አያ ካሤ የሚባሉት፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። "እኛ አዋሳኞቿ ነን" አሉ። "በምሥራቅ በኩል እኔ ነኝ። ሦስቱ እነዚሁላችሁ። አገር የሚታወቀው በአዋሳኝ ነው። ከኛ ወዲያ ምን ምስክር ይመጣል?"

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። "አባቴ፣ ዛሬ የሚመሰክረው መዝገቡ ነው" አሏቸውና ወደኔ ዞሩ። "እስቲ እየው።"

አየሁ። ባለይዞታ በሚለው ውስጥ ወይዘሮ የሺ የሉም። ስማቸውን ብቻ ጽፌ በመዝገቡ ሁሉ ፈለግሁ። አራት ጊዜ ወጣ። በአያ ካሤ መሬት ሥር፣ በምዕራብ የሚያዋስነው፦ ወይዘሮ የሺ። በሁለተኛው ሰው፣ በምሥራቅ፦ ወይዘሮ የሺ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው እንዲሁ። እኒያ ሽማግሌ ቆመው የተናገሩትን ኮምፒውተሩ ቃል በቃል ይዞታል። አራት ሰዎች ከአራት በኩል ጠቁመው እዚህ ቦታ ላይ ሰው አለች ይላሉ፤ መካከሉ ላይ ሰው የለም። ከዚያ ያልተለወጠውን ጄሰን ከፈትሁ። የይበልጣልን ማስታወሻ አነበብሁ። ሁለቱ መስመሮቼ ትዝ አሉኝ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ያን ጊዜ ስክሪኑን ቀስ አድርጌ ወደ ራሴ አዞርሁት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ እውነትም ሳላውቀው ነው የተመለጠው። አፌ ግን አላመለጠኝም። አውቄ፣ አስቤ፣ ምራቄን ውጬ ነው የተናገርሁት።

"የሉም" አልሁ። "ከመስክ አልተላከም። መዝጋቢው አልሞላቸውም።"

ለምን? ስድስት ዓመት ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ማን አስገደደኝ? ሁለቱን መስመር አጥፍቼ፣ አንዲት ቃል ጨምሬ፣ "ይቅርታ፣ የኔ ስህተት ነው" ብል ማን ይገድለኝ ነበር? ኃላፊው ይቆጡ ነበር፤ ከዚያ ይረሱት ነበር። ግን እኔ ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት በእንግዶች ፊት "ይህን ሁሉ የሠራ የኛው ልጅ ነው" ተብዬ የተጨበጨበልኝ ሰው ነኝ። ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ ነበር። እንዳይሳቅብኝ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። አንዲት ሴት ከርስቷ የተነቀለችው እኔ እንዳይሳቅብኝ ነው።

ይበልጣል ተጠራ። እየሮጠ መጣ። "ደውዬ ጠይቄው ነበር" አለ። "ባዶ ተወው ብሎኛል። በማስታወሻም ጽፌአለሁ።"

ኃላፊው ወደኔ ዞሩ። ማስታወሻው ፊቴ ላይ፣ ወደ ራሴ ባዞርሁት ስክሪን ላይ ተከፍቶ ነበር።

"አላስታውስም" አልሁ። "ማስታወሻ የሚባል ነገርም አልደረሰኝም።"

 ይበልጣል ትክ ብሎ አየኝ። ወይዘሮ የሺ ግን ተነሡበት። "ቤቴ አስገብቼ፣ እርጎ አቅርቤልህ፣ ደብተሬን ገልጬ አሳይቼህ! ከደሴ ጋር ተመካክረህ ኖሯል ለካ! የእጅህን ይስጥህ!" አሉት። እኔ ከእሱ አንድ እርምጃ ርቄ ተቀምጬአለሁ። እርግማኑ ወደኔ የመጣ ነበር፤ ጎንበስ አልሁና አልፎኝ በሱ ላይ ወደቀ።

ይበልጣል በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። በእጁ የተሰጠው ደብዳቤ መረጃ አጉድሏል ስለሚል ሌላ መሥሪያ ቤት አልተቀበለውም። መሬቱ ለደሴ ዞረ። እኔስ? እኔ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ተመልሼ ሁለቱን መስመር አጠፋሁ። "መነኩሴ" የሚል አራተኛ ቃል ጨመርሁ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም። ሥራችን እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው በሚመዘግብ መሣሪያ ነው የሚቀመጠው። ለምን በሚለው ላይ "ትንሽ ማስተካከያ" ብዬ ጻፍሁ። ዛሬም አለ። የሴትዮዋን መዝገብ ግን አልመለስሁም፤ ከመለስሁት ቀድሞ እንደነበረ ይታወቅብኛል። ለሚመጡት በሩን ከፍቼ እሳቸውን ውጭ ዘጋሁባቸው። ከዚህ የባሰ ተንኮል አለ?

አምና ለአንድ ጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ዘጌ ሄድሁ። ከጀልባው ወርጄ በደኑ መንገድ ስሄድ በዛፉ መካከል ድንገት ፀሐይ ወጣብኝ። ዘጌ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ጥላውም ቡናውም ተጨፍጭፎ ጫት ተተክሏል። የማን ነው ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አያ ካሤ በምሥራቅ በኩል አጥራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። አለፍ ብዬ ወይዘሮ የሺን በሰው ማሳ ጌሾ ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። አላወቁኝም። "ልጄ፣ አልቦሃል፣ ውኃ ልስጥህ?" አሉኝ። ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። አመስግኜ ሄድሁ። ያን ውኃ ጠጥቼ ዝም ማለቴ ከመጀመሪያው ውሸት ይከፋ ይሆን እላለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ዘንድ ስድስት ዓመት አደረ። ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ የአራቱን አዋሳኞች ገጽና የይበልጣልን ማስታወሻ አትሜ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። ወይዘሮ የሺ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆሜ ነገርኋቸው። ሁሉንም። ስልኩን፣ ሁለቱን መስመር፣ ስክሪኑን ማዞሬን።

የጠበቅሁት ጩኸት ነበር። ቢመቱኝም ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ተቀብለው በእጃቸው አገላበጡት። ማንበብ አይችሉም፤ ስማቸው የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ አሳየኋቸው።

"ይኼ የካሤ ነው? ይኼም ውስጥ አለሁ?" አሉ።

"አዎ፣ እማማ። በአራቱም ውስጥ አሉ።"

"ያ የቁንዝላው ልጅስ? እውነቱን ነበር?"

"እውነቱን ነበር።"

ያን ጊዜ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ወይኔ!" አሉ። "ስድስት ዓመት ሙሉ ስረግመው! በዐቢይ ጾም እንኳ ለጠላትሽ ጸልዪ ስባል እሱን ዘልዬ ነው የምጸልየው። የሰው ነፍስ አለብኝ እኮ!"

መሬታቸውን የነጠቅኋቸው መስሎኝ ነበር። ጸሎታቸውን እንዳበላሸሁባቸው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ይህን በየት በኩል ልመልሰው እችላለሁ?

ስለ መሬቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ "ጀልባው ወደ ቁንዝላ መቼ ነው የሚያልፍ?" ብለው ጠየቁኝ። "አብረን እንሄዳለን። አንተ ስለዋሸህ፣ እኔ ስለረገምሁ።"

ሄድን። ይበልጣል ውኃው ዳር ተቀምጦ መረብ ሲጠግን አገኘነው። ጠቁሯል፤ እጁ በገመድ ተሰነጣጥቋል። ወይዘሮ የሺ እግሩ ሥር ሊወድቁ ሲሉ ብድግ ብሎ ትከሻቸውን ያዘ። "ኧረ እማማ! ምን በወጣዎ!" አላቸው። ማስታወሻውን ሰጠሁት። የራሱን ጽሑፍ አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ የዛሬ ስድስት ዓመቱን አስተያየት።

"ያኔ ታስታውስ ነበር?" አለኝ።

"አስታውስ ነበር።"

"እኔ አስተካክለዋለሁ እንዳልኸኝም?"

"እሱንም።"

ራሱን ነቀነቀና ወደ መረቡ ተመለሰ። ስንሄድ ለወይዘሮ የሺ ሁለት ዓሣ በሣር አንጠልጥሎ ሰጣቸው።  

ትናንት ጠዋት ከወይዘሮ የሺ ጋር ማመልከቻውን ይዘን መሥሪያ ቤቱ ገባን። አራቱን ገጽ፣ የይበልጣልን ማስታወሻ፣ ሁለቱን መስመሮቼንና "ትንሽ ማስተካከያ" ያልሁበትን መዝገብ አያይዣለሁ። መሬቱ ይመለስላቸው እንደሆነ አላውቅም። ቢመለስም ያ ቡና አይመለስም፤ በሳቸው እድሜ እንደገና ተተክሎ ጥላ አያበጅም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም። ወጣት ነበርሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ማንም ይሳሳታል አልልም። አልተሳሳትሁም፤ ዋሸሁ።

ቅጹ ላይ ከታች፣ "ለስህተቱ ምክንያት የሆነው ሰው ሙሉ ስም" የሚል አንድ ክፍት ቦታ አለ። ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ ይተወዋል አሉኝ። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ስም ጻፍሁበት። የተቀበለችን ወጣት ሠራተኛ እስከ መጨረሻው አነበበችና ብዕሯን አነሣች።

"ይኼ ሰውዬ አሁን የት ይገኛል?" አለች።

ወይዘሮ የሺ ወደኔ ዞረው አዩኝ።

"እኔ ነኝ" አልኋት።